አንገትጌ ላይ የተሰካች ቃል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣
አንድ ሰው ሲወጣ ነው አንድ ሰው የሚገባ፤
የልብስ መተኮሻ ሱቅ፤ ሁለት ካውያ፣ ሁለት ሰው፤
አንዱ ራፊቅ ነው፣ ሌላው እኔ፣ ላቡን በእጅጌው የሚያብሰው።

ለአንድ ሸሚዝ አራት ደቂቃ። ለአንድ ከንዱራ ሰባት።
ይህን ሂሳብ እጄ ያውቃል፣ ማንም ሳያሰላለት።
ፈተናው ግን፣ የማስተርሱ መግቢያ፣ ለጥያቄ የሚሰጠው አንድ ተኩል ነው፤
እኔ ገና አንቀጹን ሳገላብጥ፣ እንደ እንፋሎት የሚተነው።

ሠላሳ ስምንት ቀን ቀረኝ።
መመዝገቢያውን በሸሚዝ ቆጥሬ ነው የማስበው፤
አራት መቶ ሸሚዝ፤
ስምንት መቶ እጅጌ፣ አንድም የኔ ክንድ ያልገባው።

መጀመሪያ ሁሉን ልዋጥ አልኩ። ስድስት መቶ ገጽ መጽሐፍ፣
ያውም ፎቶ ኮፒ፣ ከዘጠና በኋላ ያዘመመ ጽሑፍ።
አሰመርኩበት፤ ቢጫ አደረግኩት፣ ደግሞ አረንጓዴ፤
ሳምንት ሙሉ ቀለም ቀባሁ፤ ጠብ ያለ የለም ከሆዴ።

ራፊቅ አየኝ። በባንግላ፣ በአረብኛ፣ በእጁም ጭምር፣
«የተተኮሰ አትድገም» አለኝ፤ «ከተጨማደደው ጀምር።»

እሱ የተናገረው ስለ ከንዱራ ነው፤ እኔ ደብተር ገዝቼ፣
የሳትኩትን ብቻ ጻፍኩበት፣ የሳትኩበትን ምክንያት አትቼ፦
«ጥያቄውን ሳልጨርስ መለስኩ።» «‹በቀር› የሚለውን ዘለልኩ።»
«ይሄንንማ አውቀዋለሁ ብዬ ኮራሁ።» «እንቅልፍ ነበረብኝ፤ ገመትኩ።»
ክፍልፋይ አልነበረም ጠላቴ፤ ታንከር የሚሞላ ቧንቧም አይደለም፤
(አርባ ምንጭ አምስት ዓመት ውሃ ተምሬ፣ ቧንቧ አያስፈራኝም።)
ችኮላዬ ነው። ለካ የሚጣደፍ ካውያ አያቀናም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት እንዘጋለን። ስምንት ሆነን ከምንተኛበት ክፍል
ላይኛው አልጋ የኔ ነው፤ ኤሲው ፊቴ ላይ ውሃ ይጥላል።
በብርድ ልብሱ ስር ስልኬን አብርቼ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሞልቼ፣
አንድ ክፍል ብቻ፤ ሲያቃጭል አቆማለሁ፣ የቀረውን እንደቀረ ትቼ።
ከታች አብዱልሰመድ፦ «አንተ ሰው፣ ዛሬም ከመብራት ጋር ነው?»
«ዛሬም።» «እንግዲያ ለኛም እለፍልን» ይላል፣ እንቅልፍ እያጣጣመው።

ቀን ቀን ቃል ነው የማጠናው። የደንበኛ ቁጥር ከምንጽፍባት፣
አንገትጌ ላይ ከምትሰካዋ ብጫቂ ወረቀት፣
ከተራፊው ላይ ስምንት ቃል፤ ካውያው እስኪግል አያቸዋለሁ፤
አማርኛውን ሸፍኜ፣ ራሴን በራሴ እጠይቃለሁ።

አንድ ሐሙስ ምሽት አንዷ ጠፋች፤ ‹ላኮኒክ› የምትለዋ።
‹ቁጥብ፣ ቃል የማያበዛ› ይላል በእርሳስ ጀርባዋ።

ቅዳሜ ያ ሽማግሌ መጣ፤ ሁለት ዓመት ልብሱን ስተኩስ
ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው፣ ጣቱን ብቻ የሚያነሳ ሲደርስ።
ወረቀቷን ባንኮኒው ላይ አኖራት። ጠጋ ብዬ አየሁ በዓይኔ፤
ከእንግሊዝኛው ስር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ቃል ጨምሯል፦ ‹እኔ›።
ከፍሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስረሳኛል? ነጭ ጺም አላት፤ ፊት አላት።
ለእያንዳንዷም ቃል እንዲሁ ከሰፈሩ ሰው መረጥኩላት፤
‹ቋጣሪ› ለአከራያችን፤ ‹ታጋሽ› ለራፊቅ፤
‹ላይ ላዩን ቅን› ለደላላው፣ ለዚያ ለጥርሱ ሳቅ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት የራሴን ሸሚዝ ተኮስኩ።
አራት ደቂቃ። አልቸኮልኩም። ዱባይ በአውቶቡስ ደረስኩ።
አሥራ ሁለተኛው አልለቅ አለኝ፤ እንደ እርድ እድፍ፣ ባሸሁት ቁጥር የሚሰፋ።
ምልክት አድርጌ አለፍኩት፤ ለአንድ እድፍ ሲባል ሙሉ ከንዱራ አይጥፋ።
‹ላኮኒክ› ግን አልመጣችም። ያ ሁሉ ቃል፣ ያ ሁሉ ፊት፣
ከአሥር አንዱ ቢመጣ ነው። ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ ሙቀት።

ሰኞ ካውያዬ ጋ ነኝ። ውጤቱ ገና ነው። ሽማግሌው ገባ፣ ቆመ፤
ልብሱን አስረክቦ ሊሄድ ሲል፣ ባንኮኒው ላይ ክንዱን አጋደመ።
(ራፊቅ ነው የነገረው።)
«ያ ፈተና እንዴት ነበር? ቀናህ? ከበደህ? ተኛህ ወይ ያን ሌሊት?»
የሁለት ዓመት ጥርቅም ይሆን ንግግሩ? እንጃለት።

እኔ ደግሞ ስንት ነገር እያለኝ፣ ከአፌ ጫፍ አንድ ብቻ መጣ፦
«ደህና።»
ጣቱን አነሳና ወጣ።